ባዶውና ድፍኑ፦ ስለ ጊታር ምርጫ የተደረገ ምልልስ

በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ከጆርጂያ ጎዳና ብዙ በማይርቅ አንድ መኖሪያ ቤት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አንድ አረጋዊ ሙዚቀኛና የእኅቱ ልጅ ቡና ቀርቦላቸው ይነጋገሩ ነበር። አረጋዊው በወጣትነት ዘመኑ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ጊታር ሲጫወት የኖረ፣ ዛሬ ከሥራ ዓለም ተሰናብቶ የወዳጆቹን ልጆች የሚያስተምር ሰው ነው፤ ልጅቱም በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድርያ እየኖረች፣ ሌሊት በሕክምና ቤት እያገለገለች፣ በዕረፍቷ ሰዓት ክራር የምትደረድርና አሁን ደግሞ ጊታር መማር የጀመረች ናት። የተነጋገሩበት ጉዳይ በዚህ አገር ለሚኖረው ወጣታችን የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን እንደሚከተለው ጽፈነዋል፤ በምልልሱ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅት፦ ጋሼ፣ ዛሬ የመጣሁት ለቡናው ብቻ አይደለም፤ ምክርም ፈልጌ ነው። የእቁባችንን ዳኛ ለምኜ የሚመጣው ወር ዕጣ ለእኔ እንዲሆን ተፈቅዶልኛል። አራት ሺህ ዶላር ይደርሰኛል፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛውን አውጥቼ ሆዱ ከፊል ባዶ የሆነውን፣ ሴሚ ሆሎው የሚሉትን የጊብሰን ጊታር ለመግዛት ቆርጫለሁ።

አጎት፦ ከቆረጥሽ በኋላ ምክር ምን ያደርግልሻል?

ልጅት፦ ቤቴ ሆኜ ቆርጬ ነበር፤ እርስዎ ፊት ስቀመጥ ግን ቁርጡ ላላብኝ።

አጎት፦ እንግዲያውስ ገንዘቡን ለጊዜው እናቆየውና ስለ ዕቃው ባሕርይ እንነጋገር፤ ሰው የሚገዛውን ነገር ባሕርይ ሳይመረምር ስለ ዋጋው ቢከራከር ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና። ስለ ምን ይህን ዓይነት ጊታር መረጥሽ? ድፍን እንጨት የሆነውን ብትፈልጊ ለጀማሪ የሚበቃ ደኅና ጊታር በሁለት መቶና በሦስት መቶ ዶላር ታገኚ ነበር።

ልጅት፦ ሁለት ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያው የጆሮዬ ነገር ነው። ክራርም በገናም ገበቴ አላቸው፤ አውታሩ የሰጠው ድምፅ በገበቴው ባዶ ሆድ ውስጥ ተመላልሶ፣ ወፈር ብሎና ሞቆ ይወጣል። ይህን የለመደ ጆሮ ድፍኑን ጊታር ሲሰማ ድምፁ ይደርቅበታል። ሁለተኛው የቤቴ ነገር ነው፤ የምኖረው ግድግዳው ስስ በሆነ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ከሌሊት ሥራ ስመለስ ጎረቤት ተኝቶ አምፕሊፋየር ልከፍት አልችልም። ሆዱ ባዶ የሆነው ግን ኤሌክትሪክ ባይሰካበትም ለራሴ የሚበቃ ድምፅ አለው።

አጎት፦ ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለተኛውን እንዲያውም ብዙ ገዢ ሳያስበው ይቀራል። ያለ ኤሌክትሪክ ልትለማመጂ የምትችዪ ከሆነ አምፕሊፋየሩን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይቻልሻልና፣ ገና ከመነሻው አንድ ወጪ ቀነስሽ ማለት ነው።

ልጅት፦ ነገር ግን አንድ ያልገባኝ አለ። ባዶነቱ ይህን ያህል መልካም ከሆነ፣ ስለ ምን ከፊሉን ብቻ ባዶ አደረጉት?

አጎት፦ ጥያቄሽ የታሪኩን መነሻ ይነካል። ጊታር ከኤሌክትሪክ ጋራ በተጋባበት ዘመን፣ ለምሳሌ ጊብሰን በ1936 ኢ ኤስ 150 የተባለውን ባወጣ ጊዜ፣ ሆዱ እንደ ጥንቱ ጊታር ፈጽሞ ባዶ ነበር። ባንዱ አነስተኛ፣ አዳራሹም ጠባብ በሆነበት ጊዜ ይህ ችግር አላመጣም፤ ድምፅ ማጉያው እየበረታ፣ ከበሮውና ጥሩምባው እየገነነ በሄደ ጊዜ ግን ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ባዶውን ሆድ ይመታው፣ ሆዱም አውታሮቹን ያንቀጠቅጥ፣ የአውታሩን ንዝረት የሚቀበለው ፒክ አፑም ያንን መንቀጥቀጥ ዳግመኛ ወደ አምፕሊፋየሩ ይልከው ጀመር። ሙዚቀኞች ፊድባክ የሚሉት፣ ዘፋኙንም ተመልካቹንም ጆሮ የሚያስይዘው ጩኸት የሚወለደው ከዚህ መመላለስ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ሌስ ፖል የተባለው የጊታር ሊቅ በኒውዮርክ በሚገኘው የኤፒፎን ፋብሪካ ገብቶ፣ ወርዱም ቁመቱም አራት አራት ኢንች የሆነ የጥድ ግንድ ወስዶ፣ አንገትና አውታር አበጀለት፤ ጊታር እንዲመስልም የአንድ ጊታር ሆድ ለሁለት ሰንጥቆ በግራና በቀኙ ለጠፈበት። ድምፁ ከግንዱ ይወጣል፣ ክንፎቹ ለመልክ ብቻ ናቸው። ጊብሰን በቴድ ማካርቲ መሪነት በ1958 ያወጣው ኢ ኤስ 335 የዚህ አሳብ ፍጻሜ ነው፤ ከአንገቱ ሥር ጀምሮ እስከ ጅራቱ በመካከሉ ድፍን የሜፕል ግንድ ተጋድሟል፣ ግራና ቀኙ ግን ክንፍ ለመምሰል ብቻ ሳይሆን በእውነት ባዶ ሆኖ ድምፅ እንዲያሞቅ ተትቷል። ግንዱ ጩኸቱን ይገታል፣ ባዶው ድምፁን ያለሰልሳል።

ልጅት፦ ሁለት ባሕርይ ያለው ዕቃ ነው ማለት ነው።

አጎት፦ ይህን ቃል ገና ከቅዳሴ እንደ ወጣን አትናገሪብኝ፤ ያስገዝቱናል። ባዶውና ድፍኑ ያለ መለየት ተዋሕደው አንድ ድምፅ ይሰጣሉ በይና እንስማማ።

ልጅት፦ ይሁን፣ ተስማምተናል። ታዲያ ይህ ግንድ በሁሉም ዘንድ ይገኛል?

አጎት፦ አይገኝም፤ መልክ የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው። ኤፒፎን ከ1961 ጀምሮ የሚሠራው ካዚኖ የተባለው ጊታር በመልኩ ኢ ኤስ 335ን ቁርጥ ይመስላል፣ በሆዱ ግን አንዳች ግንድ የለበትም። ቢትልሶች የወደዱትና ያስከበሩት ግሩም ጊታር ነው፤ ነገር ግን በጠባብ አዳራሽ፣ ከአምፕሊፋየር አጠገብ ቆሞ ለሚጫወት ሰው ይጮኻል። ስለዚህ ከሱቅ ስትገቢ የስልክሽን መብራት አብርተሽ፣ የላቲኑን ኤፍ ፊደል በሚመስሉት ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቺ፤ መካከሉን የዘጋ የእንጨት ግድግዳ ካየሽ ግንድ አለው፣ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ብርሃኑ ከዘለቀ ግን የለውም። ነገሩ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለማወቅ ከፈለግሽ የብሉዝ ሙዚቀኛውን ቢ ቢ ኪንግን አስቢ፤ ግንድ ያለውን ጊታር ይዞ እንኳ የሚያስቸግረው ጩኸት ስለነበረ፣ ጊብሰን በ1980 ሉሲል ብሎ በሰየመለት ጊታር ላይ ቀዳዳዎቹ ጨርሶ እንዲቀሩ ተደርጓል።

ልጅት፦ ባሕርዩን ተረዳሁ። እንግዲህ የሚያስፈራኝ፣ ርካሹ የዚህ ጊታር ሥዕል ብቻ ሆኖ እውነቱ ከጊብሰን ዘንድ እንዳይቀር ነው። ሦስት ሺህ ዶላር ከዚያም በላይ ያለ ምክንያት አይጠየቅም።

አጎት፦ ያለ ምክንያትስ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ምክንያቶቹን እንለያቸው። ከሚከፈለው ገንዘብ አንዱ ድርሻ የአሜሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ አንዱ ድርሻ ብዙ ቀን የሚፈጀው ስስ የላከር ቅብ ነው፤ አንዱ ድርሻ የተሻለ ፒክ አፕና የተሻለ መቃኛ ነው፤ አንዱና ትልቁ ድርሻ ደግሞ በራሱ ላይ የተጻፈው ስም ነው። ከዚህ ሁሉ ሌላ ሰው በከንቱ የሚመካው በእንጨቱ ነው፤ ኢ ኤስ 335 ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ ሆዱም ጀርባውም የተሠራው ስስ ስስ ገበታዎች በሙጫ ተደራርበው፣ እኛ ኮምፔንሳቶ በምንለው ዓይነት ሥራ ነው። የሦስት ሺህ ዶላሩም ኮምፔንሳቶ ነው፣ የስድስት መቶ ዶላሩም ኮምፔንሳቶ ነው። ይህም ነውር አይደለም፤ በጋው እንደ ፖቶማክ ዳርቻ በሚረጥብበት፣ ክረምቱም በማሞቂያ በሚደርቅበት በዚህ አገር፣ ተደራርቦ የተጣበቀ እንጨት ከአንድ ወጥ ገበታ ይልቅ ከመሰንጠቅ ይድናል።

ልጅት፦ ይህን ማንም አልነገረኝም። ርካሽ የሚሏቸውስ እነማን ናቸው?

አጎት፦ የመጀመሪያው ኤፒፎን ነው፤ ታሪኩም ለእኛ ለስደተኞች የሚቀርብ ነው። አናስታስዮስ ስታቶፑሎ የተባለ ግሪካዊ የአውታር መሣሪያ ሠሪ በ1903 ከሰምርኔስ ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ፤ ልጁ ኤፓሚኖንዳስ፣ በቤት ስሙ ኤፒ፣ የአባቱን ሥራ አስፋፍቶ ስሙን ከፎን ጋራ አጋጥሞ ድርጅቱን ኤፒፎን አሰኘው። የጊብሰን ተፎካካሪ ሆኖ ከኖረ በኋላ በ1957 የጊብሰን ባለቤት የነበረው ድርጅት በ20,000 ዶላር ገዛውና፣ ውሎ አድሮ የጊብሰንን ቅርጽ በቀነሰ ዋጋ እንዲሠራ ተፈቅዶለት ይኖራል። ስለዚህ የኤፒፎን ኢ ኤስ 335 ከአንድ ቤት የወጣ ታናሽ ወንድም ነው እንጂ ሐሰተኛ ምሳሌ አይደለም። ሁለተኛው የጃፓኑ አይባኔዝ በ2002 የጀመረው አርትኮር የሚባለው ዘር ነው፤ ከእርሱም ኤ ኤስ 73 የተባለው አንገቱ ቀጠን ያለ ስለሆነ እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው ይስማማል። ሦስተኛው ግሬች በ2016 ያወጣው ስትሪምላይነር ነው፤ ድምፁ ከሁለቱ ይልቅ ጠራና ደመቅ ይላል። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት በሩቅ ምሥራቅ ሲሆን፣ አዲስ ሆነው ሳለ ዋጋቸው በአምስት መቶና በሰባት መቶ ዶላር መካከል ከፍና ዝቅ ይላል። ከዚህ ከራሳችን ሜሪላንድም ፖል ሪድ ስሚዝ አለ፤ በ1985 በአናፖሊስ የተመሠረተና ዛሬ ከቼሳፒክ ድልድይ ማዶ በስቲቨንስቪል የሚሠራ ስመ ጥር ድርጅት ነው፤ ነገር ግን ኤስ ኢ የሚለው ርካሽ ዘሩ እንኳ በእስያ ተሠርቶ ባዶ ሆድ ያለው ሲሆን ከሌሎቹ ዋጋው ይበልጣል።

ልጅት፦ ትልቅነቱስ? ባለፈው አንዱን ብይዘው ከደረቴ አልፎ ወጣ።

አጎት፦ ወርዱ ዐሥራ ስድስት ኢንች፣ ማለት 41 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ቁመተ አጭርን ያስቸግራል። ለዚህም መድኃኒት አለው፤ ጊብሰን በ2007 ኢ ኤስ 339 የተባለውን፣ ግንዱ እንዳለ ሆኖ ሆዱ ያነሰውን አወጣ፤ ኤፒፎንም በርካሽ ይሠራዋል። ተቀምጠሽ ለምትለማመጂ ለአንቺ ከሁሉ የሚስማማው ይህ ይመስለኛል፤ ሆዱ በማነሱ የድምፁ ሙቀት ጥቂት ቢቀንስም ትከሻሽ ያመሰግንሻል።

ልጅት፦ አሁን ደግሞ ክርክሬን ይስሙኝ። ጊብሰን ዋጋውን ይጠብቃል፤ ከዓመታት በኋላ ልሽጠው ብል ገንዘቤ አብዛኛው ይመለሳል። ርካሹ ግን ከሱቁ ደጃፍ እንደ ወጣ ዋጋው ይወድቃል። ታዲያ ነገሩ ሲመረመር ውድ የተባለው ርካሽ፣ ርካሽ የተባለውም ውድ ሆኖ አይገኝም?

አጎት፦ ክርክርሽ ብርቱ ነው፣ እውነትነቱንም አልክድም። ነገር ግን ዋጋውን የሚጠብቀው ያልተጫረውና ያልተመታው ነው። ሦስት ሺህ ዶላር የወጣበትን ጊታር ይዘሽ ከአሌክሳንድርያ በሜትሮ ስትመጪ ዓይንሽ ከሣጥኑ አይነሣም፤ በማኅበር ግብዣ ላይ ልጆች ሲሯሯጡ ልብሽ ይርዳል፤ በመጨረሻም ቤት ትተሽው መውጣት ትጀምሪያለሽ። ለመሸጥ የሚጠበቅ ጊታር የቤት ንዋይ ይሆናል እንጂ የሙያ መሣሪያ አይሆንም። ደግሞም የእቁቡ ገንዘብ ሌላ ሥራ አለው፤ ለቤት መግዣ የምታጠራቅሚው መሆኑን እናትሽ ነግራኛለች።

ልጅት፦ እማዬ ደወለችልዎ ማለት ነው።

አጎት፦ እኅቴ አይደለችም እንዴ? ይልቅ ከክርክርሽ ውስጥ የሚጠቅምሽን አንድ ነገር ላውጣልሽ፦ ርካሹ ከሱቅ ሲወጣ ዋጋው ይወድቃል ብለሻል፤ እንግዲያስ ከወደቀ በኋላ ግዢው። ያገለገለ ኤፒፎን ወይም አይባኔዝ ከአዲሱ ዋጋ በብዙ ቀንሶ ይገኛል፤ ኪሳራውን የመጀመሪያው ባለቤት ከፍሎልሻል።

ልጅት፦ ይህስ አሸነፈኝ። ቢሆንም አንድ ነገር ቅር ይለኛል፤ እውቅ ሙዚቀኞች የሚጫወቱት በእውቅ መሣሪያ ነው።

አጎት፦ እውቅ ከሆኑ በኋላ። ከመሆናቸው በፊት ግን በእጃቸው የገባውን ነው የተጫወቱት። ከአንቺ ቤት ወደ ደቡብ ጥቂት ብትሄጂ ሎርተን የሚባል ቦታ አለ፤ የዋሽንግተን ወህኒ ቤት ነበረበት። ጎ-ጎ የሚባለውን የዋሽንግተንን ሙዚቃ የመሠረተው ቸክ ብራውን ጊታር የጀመረው በዚያ ወህኒ ነው፤ ጊታሩንም ያገኘው ከሌላ እስረኛ በሲጋራ ለውጦ ነው። ከእኛም ወገን ብንወስድ፣ ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ በመጣ ጊዜ ከአባላቱ ጥቂቶቹ በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ ቀሩ፤ ከነርሱም አንዱ ኃይሉ መርጊያ ታክሲ እየነዳ ለመኖር በተገደደበት ዘመን፣ በደለስ አውሮፕላን ጣቢያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ሻንጣ ትንሽ ኪቦርድ እያወጣ ይለማመድ ነበር። በ1985 ያሳተመው ካሴት በ2013 ዳግመኛ ወጥቶ የዓለም መድረክ ሲከፈትለት ጣቶቹ ያልዛጉት በዚያች ልምምድ ነው። እንዲህ ያለውን ልምምድ የሚሸከም መሣሪያ፣ ከመኪና ሻንጣ ለማውጣት የማያሳሳ መሆን ይገባዋል።

ልጅት፦ እሺ፣ ስሙን ተውኩት። አሁን ስለ ዜማው ይንገሩኝ። ትዝታንና አምባሰልን፣ ባቲንና አንቺ ሆዬን ለመጫወት ይህ ጊታር ይስማማል?

አጎት፦ ይስማማል፤ ግን በሁኔታ ነው። ክራርን በመግረፍም በመደርደርም እንደምትጫወቺው፣ ጊታርንም በሁለቱ መንገድ ልትጫወቺው ትችያለሽ። ስትገርፊው ግንዱ ድምፁን ጠበቅ አድርጎ ይይዝልሻል፤ ትዝታን በዝግታ ስትደረድሪ ደግሞ በአንገቱ በኩል ያለውን ፒክ አፕ ከፍተሽ፣ የቶኑን ቁልፍ ጥቂት ብትመልሺው፣ የክራርሽን ገበቴ የሚያስታውስ ሙቀት ታገኛለሽ። ችግሩ ያለው በፍሬቱ፣ ማለት በአንገቱ ላይ በተተከለው ብረት ነው። ክራር በጆሮ ይቃኛል፤ ጊታር ግን ፈረንጅ በለካው ፍሬት የታሰረ ነው፤ የአንቺ ሆዬ ድምፆች ሁሉ ከፍሬቱ ላይ አይወድቁም። ያንን በመካከል የሚቀረውን ድምፅ የምታገኚው አውታሩን በጣትሽ ገፍተሽ በመለጠጥ ስለሆነ፣ ቀጫጭን አውታር፣ ዐሥር የሚባለውን ቁጥር፣ አድርጊበት። ሱቅ ውስጥ ስትሞክሪም የፈረንጅ ዘፈን አትሞክሪ፤ የምታውቂውን አንዱን ቅኝት ተጫወቺበት፤ እጅሽ ሳይጨነቅ ድምፁ ከተገኘ ጊታሩ የአንቺ ነው።

ልጅት፦ ያገለገለ ስገዛ ምን ምን ልመርምር?

አጎት፦ ተቀምጠሽ በቅደም ተከተል አድርጊው። በመጀመሪያ የአንገቱን ሁለት ጠርዝ በመዳፍሽ ከላይ እስከ ታች ዳስሺው፤ እንጨቱ በማሞቂያ ደርቆ ከጠበበ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ ይቧጭርሻል። ቀጥለሽ በእያንዳንዱ አውታር እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ምቺ። በበገና ላይ እንዝራ የሚባለው የቆዳ ቁራጭ የሚገባው አውታሩ እንዲነዝር ተብሎ ነው፤ በጊታር ላይ ግን መንዘር ጉድለት ነውና፣ በአንዱ ፍሬት ብቻ ከነዘረ ያ ፍሬት ተበልቷል ወይም ቀጥሎ ያለው ከፍ ብሏል፣ በብዙው ከነዘረ አንገቱ መቃናት ይፈልጋል። ከዚያ አውታሩን በዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭነሽ የሰጠውን ድምፅ፣ ሳትጫኚ በዚያው ላይ ጣትሽን ነክተሽ ከምታሰሚው ድምፅ ጋራ አስተያዪ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ብርኩማው፣ እነርሱ ብሪጅ የሚሉት፣ መስተካከል አለበት። ይህ ሁሉ የሚድን ሕመም ነው።

ልጅት፦ የማይድነውስ?

አጎት፦ የአንገት መጣመምና ከአንገቱ ሥር የሚታይ ስንጥቅ ነው፤ ያንን አትግዢ። ከእነዚህ ቀጥሎ ደግሞ የሚድን ሆኖ ሳለ ኪስ የሚያደርቅ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የሽቦው ነገር ነው። በድፍኑ ጊታር ላይ ሽቦውን ለመጠገን አንድ ክዳን መፍታት ይበቃል። በአብዛኛው ሴሚ ሆሎው ላይ ግን ከጀርባው ክዳን የለም። ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ብሎኑ ሲላላ ከነሽቦው ወደ ሆዱ ውስጥ ይወድቃል፤ የድምፅ ቁልፍ ሲበላሽም እንደዚያው ነው። ያን ጊዜ ባለሙያው ቁልፎቹን ሁሉ በክር አስሮ፣ በኤፍ ቀዳዳው ጎትቶ አውጥቶ፣ ጠግኖ፣ ዳግመኛ በዚያው ጠባብ ቀዳዳ አስገብቶ፣ በክሩ እየሳበ ከየስፍራቸው ይመልሳቸዋል፤ ዋጋውንም እንደ ድካሙ ያስከፍላል። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ከአምፕሊፋየር ጋራ ሰክተሽ፣ ቁልፎቹን ሁሉ ከዜሮ እስከ ዐሥር አዙሪ፤ ኬብሉንም በእጅሽ ወዝውዢው። ከተንኮሻኮሸ ወይም ከተቋረጠ፣ ወይ ዋጋ ይቀንሱ፣ ወይ እነርሱ ይጠግኑት።

ልጅት፦ ሱቁስ የት ይሁን?

አጎት፦ የምትሞክሪበት፣ ካልተስማማሽ የምትመልሺበት ሱቅ ይሁን። ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ሁለት ጣቢያ ሄደሽ ዊተን ትወርጃለሽ፤ በምዕራቡ የምድር ክፍል ረጅሙ የሚባለው፣ 70 ሜትር ያህል የሚረዝመው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ወደ ላይ ያወጣሻል። እዚያ በቪየርስ ሚል መንገድ ላይ የቸክ ሌቪን የሙዚቃ መሣሪያ ቤት አለ፤ በ1958 በዋሽንግተን ከተማ ተመሥርቶ፣ በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በተነሣው ሁከት ሱቁ ከጠፋ በኋላ ወደ ዊተን የተዛወረ ነው። በቨርጂኒያ በኩልም ብትገዢ ግብሩ ያው ነው፤ በሰሜን ቨርጂኒያም በሜሪላንድም ከመቶ ስድስት ይከፈላል፣ ስለዚህ ወንዙን በመሻገር የምታተርፊው የለም።

ልጅት፦ እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። ስምንት መቶ ዶላር ብመድብ?

አጎት፦ ይበቃል። ለጊታሩ 550፣ ለግብሩ 33 ያዢ፤ 583 ሆነ። ባለሙያ አንገቱን አቃንቶ፣ የአውታሩን ከፍታ አስተካክሎ፣ ብርኩማውን እንዲቃኝልሽ 80 ዶላር ያህል ለይተሽ አስቀምጪ፤ ይህ ገንዘብ እንደ ትርፍ ወጪ እንዳይታይሽ፣ በርካሽና በውድ ጊታር መካከል ያለውን ልዩነት አብዛኛውን የሚያጠፋው እርሱ ነውና። ለጠንካራ ሣጥን ከነግብሩ 106 ዶላር ያዢ፤ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ የተራው ጊታር ሣጥን አይበቃውም፣ በልኩ የተሠራውን ጠይቂ። ድምሩ 769 ነው፤ በቀረው 31 ዶላር ኬብልና መለዋወጫ አውታር ትገዢበታለሽ።

ልጅት፦ አምፕሊፋየሩ ቀረ።

አጎት፦ ቀርቶ ይቆይ፤ መጀመሪያ እጅሽ ይታረም። ስትገዢውም አንድ ነገር አስቢ፤ የዚህ አገር ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ አገር 220 ቮልት ነው። ጊታሩን ይዘሽ ወደ አዲስ አበባ ብትሄጂ አንዳች አይሆንም፣ በራሱ ውስጥ ኃይል የለውምና፤ አምፕሊፋየሩን ግን ያለ ትራንስፎርመር ከግድግዳ ብትሰኪው ይቃጠላል። በሁለቱም ቮልት የሚሠራ መሆኑን ጀርባው ላይ አንብበሽ ግዢ።

ልጅት፦ እንግዲያው ውሳኔዬ ይህ ነው፦ የእቁቡ ገንዘብ ለቤቱ ይግባ፤ ከደመወዜ በጥቂቱ ያጠራቀምኩት ስምንት መቶ ዶላር አለኝ፣ በእርሱ ያገለገለ የኤፒፎን ኢ ኤስ 339 እፈልጋለሁ፤ ካላገኘሁም አይባኔዙን እገዛለሁ። ጊብሰኑንስ ከዚያ በኋላ ብመኘው ኃጢአት ነው?

አጎት፦ ኃጢአትስ አይደለም። እጅሽ ሠልጥኖ፣ ከያዝሽው ጊታር የሚጎድለው ምን እንደሆነ በስሙ ጠርተሽ ለማስረዳት በቻልሽ ጊዜ ግዢው፤ የጎደለውን የማያውቅ ሰው ውድ ዕቃ ቢገዛ የሚገዛው ወሬ ነው። ለሌሎቹ ጓደኞችሽም እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፦ በዚህ አገር ለሚኖርና በልኩ ለሚያገኝ ሰው፣ ግንዱ በዓይን ታይቶ፣ አንገቱ በእጅ ተዳሶ፣ በባለሙያ ተቃንቶ የተገዛ የስድስት መቶ ዶላር ሴሚ ሆሎው ለትምህርትም፣ ለማኅበር መድረክም፣ ለመቅረጫ ክፍልም ይበቃል፤ ስለዚህ በጊታር ምክንያት ማንም ዕዳ አይግባ።